ዳማ ከበርሜሉ ጀርባ እስክትወጣ

ዳማ ወደ ቤታችን የመጣችው ባለፈው ዓመት በመስከረም መጨረሻ ነው። ሐረር የምትኖር አንዲት ሴት ሥራ ቀይራ ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ስትል፣ «ውሻዬን የሚወስድልኝ ካጣሁ መንገድ ላይ መልቀቄ ነው» ብላ ለእህቴ ነገረቻት፤ እህቴም ማታውኑ ደወለችልኝ። «አምጪያት» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣኝም። ዕድሜዋ ዓመት ተኩል ገደማ፣ ጆሮዎቿ ረዣዥም፣ አንገቷ ላይ የሰንሰለት ጠባሳ ያለባት፣ መልከ ዳማ ሴት ውሻ ናት። ስሟንም ያወጣንላት ከመልኳ ነው።

እህቴ በመኪናዋ ይዛት ስትመጣ፣ ከደንገጎ ቁልቁለት ጀምሮ ለሀጯ ሳያቋርጥ ይዝረበረብ እንደነበር ነገረችኝ። መንገዱ አቅለሽልሿት ነው ብለን አለፍነው። የግቢያችን በር ተዘግቶ ገመዱ ሲፈታላት ግን ነገሩ የመንገድ ብቻ አለመሆኑ ታየ። ሆዷን ምድር እያስነካች፣ ግድግዳውን ታክካ ግቢውን ዞረችና ከውሃ በርሜሉ ጀርባ፣ አንድ ድመት በማትበቃበት ክፍተት ውስጥ ተወሸቀች። ሁለት ሙሉ ቀን ከዚያ አልወጣችም።

ይህን የምጽፈው ያኔ የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ስለነበር ነው። በከዚራም ሆነ በሌላው የድሬዳዋ ሰፈር ውሻ የሌለበት ግቢ ብዙ አይደለም፤ ምክር ስጠይቅም ሁሉም የሚያውቀውን ነገረኝ። የሚያውቁት ግን ስለ ጠባቂ ውሻ ነበር። ቀን በጨለማ ክፍል ዝጊባትና ትክፋልሽ፤ እሰሪያት፤ ከአንቺ በቀር ማንም አያብላት። ዳማ የሚያስፈልጋት ክፋት አልነበረም። ምን እንደሚያስፈልጋት ለማወቅ እኔም ጊዜ ፈጀብኝ፤ በመጀመሪያው ቀን ያደረግነው ነገር ሁሉ ስህተት ነበር ብል አላጋነንኩም።

የዘጠኝ ዓመት ልጄ በደስታ ባትሪ ይዞ እየተንበረከከ ያበራባታል። ጎረቤት ሰምቶ እየመጣ ያያል። እናቴ፣ እሷ ደግሞ ቤት የገባ እንስሳ ሳይታጠብ አያድርም ባይ ናት፣ ውሃ አሙቃ ሳሙና አዘጋጀች። እኔ ራሴ እጄን አስገብቼ አንገቷን ይዤ ልጎትታት ሞከርኩ። አልነከሰችኝም፤ አላጉረመረመችም። ዝም ብላ ድርቅ አለች። «ጨዋ ናት፣ ተረጋግታለች» አልኩ። ከሥሯ ያለው ሲሚንቶ የረጠበው በበርሜሉ ውሃ ሳይሆን በራሷ ሽንት መሆኑን ያየሁት እጄን ስመልስ ነው። ዛሬ የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ፣ ያ ድርቅ ማለት የመረጋጋት ምልክት እንዳልሆነ እረዳ ነበር። በጣም የፈራ ውሻ ወይ ይሸሻል፣ ወይ ይነክሳል፣ ወይም እንደ እንጨት ይደርቃል። መሸሻ ያጣና መንከስ የማይችል ውሻ የሚቀረው ሦስተኛው ነው። ብዙ ሰው «የኔ ውሻ ምንም ቢያደርጉት ዝም ነው» ሲል ስሰማ አሁን ሆዴ ይባባል።

መንገዱን ያቃናልን በሦስተኛው ቀን ለክትባት ቤታችን የመጣው የእንስሳት ሐኪም ነው። ወደ ክሊኒክ ልውሰዳት ስለው «አይሆንም፣ እኔ እመጣለሁ» ብሎኝ ነበር። ሲመጣ ወደ በርሜሉ አልሄደም። በርጩማ ስጡኝ አለና ከእሷ አራት ሜትር ያህል ርቆ፣ ጀርባውን ግማሽ አዙሮላት ተቀመጠ። ቡናውን እየጠጣ ከእኔ ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል አወራ፤ አንዴም ቀና ብሎ አላያትም። ሲነሳ «ዛሬ አልወጋትም፤ ከሳምንት በኋላ እመለሳለሁ። እስከዚያ ምንም አታድርጊ» አለኝ። የምር ምንም? ብዬ ጠየቅኩት። «ውሃ፣ ምግብ፣ ጥላ። ከዚያ ውጪ የምትፈልጊውን ሁሉ ለራስሽ ያዢው።»

ይህ ለእኔ ከባድ ነበር። ሰው የሚያሳዝነውን ነገር ሲያይ እጁ አርፎ አይቀመጥም፤ ያቅፋል፣ ያባብላል፣ ይጠራል። ለፈሪ ውሻ ግን የማታውቀው ሰው እጅ በደግነት ይምጣ በክፋት መለያ የላትም። ከራሷ በላይ የሚመጣ እጅ ነው፤ በቃ። ስለዚህ ቤተሰቡን ሰብስቤ ሕግ አወጣሁ። ማንም ዳማን አይጠራም፣ አያያትም፣ ወደ በርሜሉ አይሄድም። ገላ መታጠብ የለም። ለማየት የሚመጣ ጎረቤትም ለጊዜው ይቅርታ ይጠየቃል። ከበርሜሉ ጎን አሮጌ ጋቢ አነጠፍንላት፤ ፀሐይ እንዳያገኛትም ከላይ ማዳበሪያ ዘረጋን። ጀርባዋ በግድግዳ የተሸፈነ፣ ከፊት ለፊት የሚመጣውን የምታይበት ቦታ ስለሆነ ሌላ ማረፊያ ልንሰጣት አልሞከርንም። እሷ የመረጠችውን ማሳመር እኛ ከምንመርጥላት ይሻላል።

ምግቧን በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከበርሜሉ ሥር አስቀምጬ ዘወር እል ነበር። የሰዓቱ መደጋገም ከምግቡ ያላነሰ እንደጠቀማት አምናለሁ። ነገ ምን እንደሚመጣ የሚያውቅ ፍጡር የሚፈራው ይቀንሳል። ልጄ ዳማን መርሳት አልችል ስላለ አንድ ሥራ ሰጠሁት፤ ማታ ማታ የአማርኛ መማሪያ መጽሐፉን ከበርሜሉ አምስት እርምጃ ርቆ፣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲያነብ። ልጁ ንባቡን አሻሻለ፤ ዳማም ከእሷ ምንም የማይፈልግ የሰው ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመደች። በአራተኛው ማታ አፍንጫዋ ብቻ ከበርሜሉ ጎን ወጣ። ልጄ አየ፤ ማንበቡን ግን አላቆመም። እንዴት እንደኮራሁበት!

ከዚያ ሳህኑን ማንቀሳቀስ ጀመርኩ፤ በቀን አንድ ስንዝር። ሳትበላ ካደረች የሄድኩት በዝቷል ማለት ነውና በማግስቱ ወደ ነበረበት እመልሰዋለሁ። በ12 ቀን ሳህኑ ግቢው መሃል፣ ማንጎው ሥር ደረሰ።

ምልክቶቿን ማንበብ የተማርኩት በእነዚህ ቀናት ነው። ጭራዋን በታፋዎቿ መካከል መሸጎጧንና ጆሮዋን መጣሏን ማንም ያስተውላል። ሌሎቹ ግን ረቂቅ ናቸው። እንቅልፍ ሳይኖርባት ታዛጋለች። የሚበላ ሳይኖር አፍንጫዋን ትልሳለች። ፊቷን ከእኔ መልሳ በዓይኗ ጥግ ብቻ ስታየኝ የዓይኗ ነጭ እንደ ጨረቃ ጫፍ ይታያል። ሙቀት ሳይኖር ታለከልካለች። ከእነዚህ አንዱን ሳይ ባለሁበት እቆማለሁ ወይም አንድ እርምጃ ወደኋላ እላለሁ። ጭንቀቱ ሲያልፍላት ደግሞ ከውሃ እንደወጣች ሁሉ ሰውነቷን ከራስ እስከ ጭራ ታራግፋለች። ያን ማራገፍ ባየሁ ቁጥር እኔም አብሬ እተነፍስ ነበር።

ስለ ምግቡ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ብዙ ቤት ሲሳሳቱ ስለማይ ነው። ሥጋ ቤቶች ሳንባና ጉበት በርካሽ፣ አንዳንዴም በነጻ ይሰጣሉ፤ ሰውም ጥሬውን ለውሻ ይወረውራል። በበግ፣ በፍየል፣ በከብትና በግመል ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚታይበት ጊዜ አለ። ያ ከረጢት ውስጡ የትል ዘር ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና በእጅና በምግብ በኩል ወደ ሰው ይገባል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥም ያንኑ ከረጢት ይሠራል። ስለዚህ ከረጢት ያለበትን እናስወግዳለን፤ ሌላውንም በደንብ ሳይፈላ አንሰጥም። የትል መድኃኒቷንም ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ ትወስዳለች። የተቀቀለ አጥንትም አንሰጣትም፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ወጥ የነካው ፍርፋሪ ደግሞ ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርት ደሟን ይጎዳል። እናቴ ይህን አላምን ብላ ስትከራከር፣ ሐኪሙ ራሱ ነግሯት ነው የተወችው።

የተቀቀለው ጉበት ግን የዳማን ልብ የከፈተ ቁልፍ ሆነ። በጣት ጥፍር ልክ ከትፌ በትንሽ ጣሳ እይዛለሁ። መጀመሪያ ላይ ወደ እኔ እንድትመጣ ከፊቴ እጥልላት ነበር፤ ትመጣለች፣ ትወስዳለች፣ ቀና ስትል እኔን አጠገቧ ስታገኘኝ ደንግጣ ትፈረጥጣለች። ሐኪሙ አይቶ አረመኝ። «ከኋላዋ ወርውሪላት፤ ከአንቺ እየራቀች ትብላ» አለኝ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ግን ሠራ። ከእኔ መራቅ እንደምትችል ስታውቅ መቅረብ ጀመረች። ርቃ ትበላለች፣ ዞር ብላ ታየኛለች፣ ሁለት እርምጃ ትመጣለች፤ እንደገና ከኋላዋ እወረውራለሁ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ ደጃፉ ላይ ጎኔን ሰጥቼ ተቀምጬ ነበር። መዳፌን ከፍቼ ጉልበቴ ላይ አሳርፌዋለሁ፤ አንዲት ቁራጭ ጉበት አለችበት። የጥፍሮቿ ድምፅ ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ቀጭ እያለ መጣ፣ ቆመ፣ እንደገና መጣ። ትንፋሿ አውራ ጣቴ ላይ ሞቀኝ። ከዚያ ቀዝቃዛና እርጥብ አፍንጫዋ መዳፌን ነካ፤ ጉበቷን በከንፈሯ ጫፍ ብቻ አነሳችና እዚያው ቆማ ዋጠቻት። አልሸሸችም። እኔ አልተንቀሳቀስኩም፤ እንባዬ ግን ፈሰሰ።

መንካት የመጣው ከዚያም በኋላ ነው። ከራሷ በላይ እጅ ማሳለፍን እስከ ዛሬ አትወድም፤ ደረቷንና የጆሮዋን ሥር ማከክ ግን ትወዳለች። ሦስት ጊዜ አክኬ እጄን እመልሳለሁ። ከፈለገች በአፍንጫዋ ትገፋኛለች፤ ካልፈለገች ትሄዳለች።

ልጄ አንድ ቀን ይህን ረስቶ አቀፋት። ዳማ አጉረመረመች። የግቢው ዘበኛ ዱላ ይዞ ሲነሳ እኔ መሃላቸው ገባሁ። በዚህ ጉዳይ ላይ ማንም ሰው እንዲያመቻምች አልፈልግም፦ ስላጉረመረመ የሚመታ ውሻ መፍራቱን አይተውም፤ የሚተወው ማስጠንቀቁን ነው። በሌላ ቀን ሳይናገር ይነክሳል። ልጄን አስቀምጬ «እሷ በቃሏ ተው ብላሃለች፤ አንተም ሰምተህ ትተሃል፤ ጎበዝ» አልኩት። ሕፃናትን ከአዲስ ውሻ ጋር ብቻቸውን አለመተው የኔ ኃላፊነት ነበር፤ በዚያ ቀን ያጎደልኩት እኔ ነኝ።

ክትባቷን የወሰደችው ጉበት እየበላች ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይጀመራል፤ እኛም በየዓመቱ እናድሳለን። ማንም ሰው በማንኛውም ውሻ ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ በሽታው ፈውስ የለውምና «ትንሽ ጭረት ናት» ብሎ ማደር አይገባም።

የግድግዳ ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ሄጄ አነጋገርኳቸው፤ የውሻ ለሀጭ ልብሳቸውን ከነካ ከሶላት በፊት ብዙ ጣጣ እንዳለው አውቃለሁ። በሻፊዒ መዝሀብ ለሀጩ የነካው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር። ስለዚህ መስጊድ በሚሄዱበት ሰዓት ዳማን ወደ ውጭ አላወጣም፤ እሳቸው መንገድ ላይ ካሉ ገመዷን አሳጥሬ እሻገራለሁ። ሐጂ ደግሞ እኔ ያልጠየቅኳቸውን አደረጉ። የሰፈሩ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ ጠጠር ሲወረውሩባት አይተው ሰበሰቧቸውና፣ በውሃ ጥም ምላሱን አውጥቶ እርጥብ አፈር ሲልስ ላገኘው ውሻ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ስላወጣለትና ፈጣሪ ስለማረው ሰው ነገሯቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠጠር አልመጣም። አንዳንድ ልጆችማ በአጥሩ ሥር ውሃ የሞላ ጣሳ ማስቀመጥ ጀመሩ።

ወደ መንገድ መውጣት የጀመርነው ኅዳር ላይ ነው። ፈሪ ውሻ ስትደነግጥ ወደኋላ ትስባለች፤ ጆሮዋን ካጠፈች የአንገት ማሰሪያው ሾልኮ ይወጣል። ቀፊራ አካባቢ ያለ አንድ ጫማ ሰፊ በሰፊ የጨርቅ ቀበቶ በደረቷና በብብቷ የሚዞር ማሰሪያ ሰፋልኝ፤ በቀበቶውና በቆዳዋ መካከል ሁለት ጣት እንዲገባ አድርጎ። ገመዱን ከደረት ማሰሪያውም ከአንገቱም ጋር አሰርኩት። አንዱ ቢከዳ ሌላው ይይዛል።

ዋናው ጠላቷ ባጃጅ ነበር። በድሬዳዋ ከባጃጅ ማምለጫ የለም። ደግሞም እሷ የምትሰማው እኔ የምሰማውን ብቻ አይደለም፤ የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ሲይዝ የውሻ ጆሮ እስከ 45,000 ገደማ ይደርሳል። እኛ ጢርርር ብቻ የምንለው ሞተር ለእሷ ሌላ ፉጨትም ሊኖረው ይችላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሩሲያዊው ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ያየውን ነገር፣ ከምግብ በፊት ደጋግሞ የተሰማ ድምፅ ብቻውን ለሀጭ እንደሚያስመጣ፣ ትምህርት ቤት ተምረነው ነበር፤ በኑሮ የተጠቀምኩበት ግን ያኔ ነው። ዋናውን አስፋልት በሩቁ ከምናይበት ጥግ እንቆማለን። ባጃጅ ብቅ ሲል ጉበት፤ ሲያልፍ ጉበቱ ያበቃል። ቅደም ተከተሉ መጠበቅ አለበት፤ ድምፁ ይቀድማል፣ ጉበቱ ይከተላል። ጉበቱ ከቀደመ ውሻዋ ጉበትን ራሱን መጠርጠር ትጀምራለች፤ ይህንንም ሁለት ቀን ሙሉ ተሳስቼ ነው ያወቅኩት። ጉበቱን መብላት ካቆመች ቀርበናል ማለት ነውና እንርቃለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ባጃጅ ሲመጣ ወደ እኔ ቀና ብላ «የታል?» የምትል ዓይን አየሁ። በየቀኑ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቆየንም።

የምንወጣው ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በበጋ ብዙ ጊዜ ውሃው ወደሚደርቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ። ሙቀቱን በተመለከተ ከደጋ ውሻ ያመጣ ሰው ይጠንቀቅ። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ። ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልበውም፤ የሚቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ቀትር ላይ የእጄን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አስቀምጬ አምስት ሰከንድ መቆየት ካልቻልኩ መዳፏም አይችልም። በክረምት ደግሞ ደቻቱን እንተዋለን። ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ ከተማው ውስጥ ጠብታ ሳይወርድም ጎርፍ ይመጣል። የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ያየ የድሬዳዋ ሰው ይህን አይዘነጋም።

ቀኑ እንዲህ ሲቃና ሌሊቱ አልቃና አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ ዳማ ሌላ ውሻ ትሆናለች፤ ትንቀጠቀጣለች፣ በር ትቧጥጣለች። ቀድሞ የያዘቻትን ሴት ደውዬ ጠየቅኩ። ቤቷ ከጁገል ግንብ ውጪ፣ በፈላና በር በኩል እንደነበረና ዳማም ቡችላ ሳለች ጀምራ ሌሊት ደጅ በሰንሰለት ትታሰር እንደነበር ነገረችኝ። ሐረርን የሚያውቅ ሰው ቀሪውን ራሱ ይሞላዋል። ጅብ በዚያ በኩል እንደ ሰፈር ሰው ነው፤ ማታ ሰው ያበላዋል፣ ሌሊት በየመንገዱ ይዞራል። ለሰው ባይነካም ውሻን ግን አይምርም። ያቺ ቡችላ መሸሻ በሌለው ሰንሰለት ላይ ሆና ስንት ሌሊት ሽታውንና ድምፁን እንደተቀበለች አሰብኩ። ቡችላ ዓለምን የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 12ኛው ወይም 14ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው ይላሉ ባለሙያዎች፤ በዚያ ዕድሜ የገባ ፍርሃት ቶሎ አይለቅም። ሴትየዋን አልወቀስኳትም፤ ውሻ የሚያዘው እንዲያ ነው ብላ ነው ያደገችው።

እናቴን ያን ማታ ለመንኳት። «ውሻ ቦታው ደጅ ነው» የምትል ሴት ናት። ታሪኩን ስትሰማ ግን ዝም ብላ ቆየችና ተነስታ የዳማን ጋቢ ከበርሜሉ ጎን አምጥታ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከራሷ ክፍል በር ጎን አነጠፈችው። ዳማ በመጀመሪያው ሌሊት ደፉ ላይ ቆማ አደረች፤ በሁለተኛው ገባች፤ በሦስተኛው ስታንኮራፋ ሰማናት።

ከዚያ ታኅሣሥ መጣ። ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም ዘመዶቻችን በአውሮፕላን ድሬዳዋ ወርደው እኛ ቤት ያርፋሉ፤ በ18 አሥራ ሁለት እንግዳ ነበረን። ዳማ በጣም ስለተሻላት ትችለዋለች ብዬ ደመደምኩ። አልቻለችም፤ እኔም ምልክቶቿን የማይበት ፋታ አልነበረኝም። ማዛጋቷን፣ አፍንጫዋን መላሷን አይቼ «ቆይ» እያልኩ አለፍኩ። ሻንጣ ሲገባ የግቢው በር ተከፈተ፣ የመኪና ጡሩምባ ጮኸ፣ ዳማም በሰው እግር መካከል ሾልካ ወጣች።

ሁሉም ስሟን እየጠራ ሊሮጥ ሲነሳ ሐኪሙ በስልክ አስቆመን። የሚያሳድዳት ካለ ከተማውን ለቃ ትወጣለች፣ በሩጫም መኪና ይገጫታል። ጋቢዋን፣ የእኔን ሳይታጠብ የዋለ ሹራብና የፈላውን ጉበት ከነሾርባው በሩ ላይ እንዳስቀምጥ፣ በሩንም ገርበብ አድርጌ እንድጠብቅ ነገረኝ። እንግዶቹን ወደ ውስጥ አስገብቼ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ሐጂ ከኢሻ ሶላት ሲመለሱ አይተውኝ ምንም ሳይሉ የደጃቸውን መብራት አጠፉልኝ፤ ብርሃን እንዳያስፈራት ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ በአጥሩ ጥላ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ፊቴን አዞርኩ። ቀጭ ቀጭ የሚል የጥፍር ድምፅ መጣ፣ ቆመ፣ ደግሞ መጣ። ሾርባውን ስትጠጣ በሩን በእግሬ ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ በርሜሉ ጀርባ ተመልሳ ገባች፤ አምስት ቀንም ቆየች። ሁሉም ከዜሮ የተጀመረ መስሎኝ ልቤ ተሰብሮ ነበር። ሐኪሙ ግን አንድ ጊዜ የደነገጠ አካል ቀናት ካልቆየ እንደማይረጋጋ፣ ፍርሃት በፍርሃት ላይ ሲደራረብ ትንሿም ነገር እንደምታፈስሰው አስረዳኝ። ለአምስት ቀን መንገድ የለም፣ ባጃጅ የለም፣ እንግዳ የለም አልን። በስድስተኛው ማታ ልጄ መጽሐፉን ይዞ ሲቀመጥ ወጥታ ከጎኑ ተኛች። መጀመሪያ ጊዜ ሳምንታት የፈጀው በቀናት ተመለሰ። በሐምሌው ቁልቢ ግን እህቴ ዘንድ ሐረር መላክን እንኳ አላሰብኩም፤ እንግዶቹን በሌላ ቤት አሳረፍኩና ዳማ ኮሪደሯ ላይ ሆና በዓሉን አለፈች።

እስከ የካቲት ድረስ ጮኻ አታውቅም ነበር። ሰው «ድምፅ የሌላት ውሻ ምን ታደርግልሻለች?» ይለኝ ነበር፤ እኔም መልስ አልነበረኝም፣ አያስፈልገኝምም ነበር። አንድ ቀትር ላይ ጎረቤት ድመት አጥሩ ላይ ስትሄድ ዳማ ከማንጎው ሥር ተነስታ አንዴ ጮኸች፤ በራሷ ድምፅ ደንግጣ ዞር ዞር አለች፤ ከዚያም ደገመችው። ሐጂ ከግድግዳው ማዶ «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ዳማ ተናገረች!» ብለው ሲጣሩ ሰማሁ።

መጥረጊያ አሁንም ትፈራለች። ምን እንዳገኛት አላውቅም፤ እጀታውን ብቻ ስታይ አልጋ ሥር ትገባለች። በጉበትም ሞክረናል፣ በርቀትም ሞክረናል፤ ትንሽ ተሻሽላለች እንጂ አልተዋትም። ስለዚህ ቤቱን የምንጠርገው ጠዋት፣ እሷና ልጄ ከመንገድ ሳይመለሱ ነው። እናቴ ጨርሳ መጥረጊያውን ከበሩ ጀርባ ሸሽጋ ስታበቃ በመስኮት ትጠራቸዋለች።